ጣዝማ ነደፈችኝ ያለው ጸሐፊ

ሀሊሜ ኃይለየሱስን መናቅ የጀመረችው ጫማውን ባየች ቀን ነው። ሰውየው ንብና ተርብ ሊመዘግብ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ሲወጣ ቀለም የተቀባ ጥቁር ጫማ አድርጎ፣ በየሃያ እርምጃው ጎንበስ እያለ አቧራውን በመሐረብ ያራግፍ ነበር። «ይኼ ሰውዬ የሚሄደው ሠርግ ነው እንዴ?» አለች በልቧ።

ነገሩ የተጀመረው 1954 ዓመተ ምሕረት በጠባ ሰሞን ነው። አሰላ ላይ ሳይንስ የሚያስተምረው አቶ ገብረ መድህን ጥቂት አስተማሪዎችንና የመሥሪያ ቤት ሰዎችን አሰባስቦ ማኅበር አቋቋመ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሜዳ ወጥተው በአገሩ ያሉትን ንቦች፣ ተርቦችና ጥንዚዛዎች እየለዩ ይመዘግባሉ። ከአጎበር ጨርቅ መረብ ሰፉ፤ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ከየቤቱ ለቀሙ። ንብ ከየት ወጥታ የት እንደምትገባ ግን ከመሃላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሀሊሜ መጡ።

ሀሊሜን ባሏ ሁሴኖ አሥራ ሰባት ቀፎ ትቶላት ነው የሞተው። «ሴት ልጅ ቀፎ አትነካም» ያሏትን የባሏን ወንድሞች እንዳልሰማች ሆና ዛፍ ላይ ወጣች። ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ዓይኗን ጨፍና በድምፅ ብቻ ንቡን ከተርቡ ትለያለች። እሺ ያለቻቸውም ገብረ መድህን አጥሯ ውጭ ቆሞ፣ «እትዬ ሀሊሜ፣ እኛ የምናውቀው መጽሐፉን ነው፤ ንቡን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ስላላት ነው። ንግግሩ ጣማት። በዕድሜ ልጇ ቢሆንም እሷም እርስዎ ትለው ጀመር።

ኃይለየሱስ ከአቦምሳ ተዛውሮ የመጣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ስለሚያምር መዝገቡ ለእሱ ተሰጠ። ሌሎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው እሾህ ሲቧጥጣቸው፣ እሱ ከወይራ ሥር ተቀምጦ ቅቅል እንቁላል ይልጣል። አንዲት ንብ በጆሮው አጠገብ ካለፈች ኮቱን ራሱ ላይ ይከናነባል። «አንቺ ሴትዮ፣ ያቺ ምንድን ናት?» ይላታል ከተቀመጠበት በጣቱ እየጠቆመ። ስሟን አንድ ቀን ጠርቶ አያውቅም። የሚገርመው ግን፣ ቀኑን ሙሉ ሲባዝኑ ከዋሉት ይልቅ በመዝገቡ ላይ ብዙ ያየው እሱ ነው። «ከወንዙ ማዶ ብቻዬን ተሻግሬ ያገኘሁት ነው» ይላል። ሀሊሜ ያን ደረቅ ጫማ ታያለች። ወንዙ ድልድይ የለውም።

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ፤ አሳምነው የሚባል የኮሌጅ መምህር። ማኅበሩ በላከለት ሪፖርት ላይ «ጣዝማ፣ አርባ ቤት» የሚል አንብቦ፣ ይህንንማ በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ነው በአውቶቡስ የመጣው። ጣዝማ ከመሬት ሥር የምትኖር ደቃቃ ንብ ናት። ማሯ ለሳል መድኃኒት ነው ስለሚባል ቤቷን ያገኘ ሰው ለወንድሙ እንኳ አይናገርም። በአንድ ቀን አርባ የጣዝማ ቤት የቆጠረ ሰው በአርሲ ምድር ተሰምቶ አይታወቅም።

ሁሉም ወይራው ሥር ተሰበሰቡና ገብረ መድህን፣ «እስቲ መዝገቡን አንብብላቸው» አለ።

ኃይለየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን። ከወንዙ ማዶ። ጣዝማ፤ ብዛት አርባ ቤት። እጅግ ቁጡ ስትሆን መዝጋቢውን ሁለት ጊዜ ነድፋዋለች።»

ሀሊሜ ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ላይ ብትይዝም አልቆም አላት። «ያ ረቢ! ጣዝማ ነደፈችህ? በምኗ? መናደፊያ እኮ የላትም!»

«አንቺ ስምሽን መጻፍ የማትችይ ሴትዮ ስለ መዝገብ ምን አገባሽ?» አለ ኃይለየሱስ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ገብረ መድህን ክንዷን ይዞ ፈቀቅ አደረጋት። «እትዬ ሀሊሜ፣ በእንግዳ ፊት አያዋርዱን። ሪፖርቱ አንዴ ሄዷል። ዝም ይበሉልኝ፤ በኋላ በመሃላችን እናስተካክለዋለን።»

ትክ ብላ አየችው። ጸሐፊው ሰነፍ ነው፤ ስንፍና ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ይኼኛው ግን እውነቱን እያወቀ ነው። «ውሸቱን ታውቀው ነበር?» አለችው። እርስዎ ማለቱን ያኔውኑ ተወችው።

እሱ መነጽሩን አወለቀ።

ሀሊሜ ወደ እንግዳው ዞረች። «ጌታው፣ ጣዝማ ማየት ይፈልጋሉ?» የምታጣውን ታውቃለች፤ ከእሷ በቀር የጣዝማዋን ቤት ያየ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ከወይራው ሠላሳ እርምጃ ያህል ወስዳ አንበረከከችው፤ ሣሩን በጣቷ ገለጥ አደረገችለት። ከአፈሩ ብቅ ያለች የሰም ቱቦ ታየች፤ ከስንዴ አገዳ አትወፍርም። ጥቋቁር ደቃቅ ንቦች አንድ ሁለት እያሉ ወጡና መዳፉ ላይ ሄዱ። አሳምነው እንደ ሕፃን ሳቀ።

«አንተም እጅህን ዘርጋ እንጂ» አለችው ኃይለየሱስን። «የምታውቅህ ናት።»

ኃይለየሱስ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አሳምነው ከዚያ በኋላ መዝገቡን ተቀብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበላት። እሷ «አለ»፣ «የለም»፣ «ይህቺ በጥቅምት አትወጣም» ስትል እሱ በቀይ እርሳስ ይሰርዛል። ሦስት መቶ መስመር ከነበረው ሲጨርሱ የቀረው ሰማንያ ሁለት ነው። ገብረ መድህን አጠገባቸው ቆሞ መነጽሩን ሲጠርግ ዋለ። ኃይለየሱስ መጨረሻውን አልጠበቀም፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ብቻውን ወደ ከተማ ወረደ። በኋላ በየጠጅ ቤቱ ማኅበሩን የተወው ከባላገር ሴት ጋር መከራከር ስለማይመጥነው መሆኑን ያወራ ነበር አሉ።

በሳምንቱ ሀሊሜ ጣዝማዋን ልታይ ብትሄድ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ማሩ ተወስዷል። ማን እንደወሰደው አላወቀችም። ቦታውን ያወቁት ግን የማኅበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። አፈሩን በእግሯ መለሰችና እዚያው ተፋችበት።

በቀጣዩ እሑድ ገብረ መድህን ራሱ መዝገቡን ታቅፎ አጥሯ ላይ ቆመ። ሰባት ቀፎ አጥና እስክትጨርስ ግባ አላለችውም። ልትመልሰው አስባም ነበር። ግን እሷ ብትቀርም መጻፋቸው አይቀርም፤ የሚዋሹትም በእሷ አገር ላይ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ወጣችና ቀድማው መንገድ ጀመረች።

ሜዳው ላይ አንዲት ቢጫ ዝንጉርጉር ነገር በርራ መጥታ አበባ ላይ አረፈች። ገብረ መድህን ብዕሩን አውጥቶ፣ «ንብ» እያለ መጻፍ ጀመረ።

«ክንፏን ቁጠር» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ይዞ ተመለከተ። «ሁለት ነው።»

«የንብ አራት ነው። ዝንብ ብለህ ጻፍ።»