የልጣጭ ውቅጥ

ዘነዘናው ይሰማል፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን የት ሄደ?

ስዊ ሊን የአባቷን ፎቶግራፍ መስታወት መወልወሏን አቁማ አፍንጫዋን ወደ ጓዳው አዞረች። ዱም፣ ዱም-ዱም፣ ዱም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የእናቷ ምት ነው። ይህ ምት በተሰማ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዓይን የሚያስለቅስ የሽንኩርትና የቃሪያ ሽታ ቤቱን መሙላት ነበረበት። ዛሬ የሸተታት የመስታወት መወልወያው ብቻ ነው።

ጨርቁን ወርውራ ወደ ጓዳ ገባች።

እናቷ ጌክ ኒዮ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትወቅጣለች። ቀኝ የእጅ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዘነዘናውን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ምድጃው ላይ የስዊ ሊን አባት ሙት ዓመት ዶሮ ከነጥቁሩ የቅመም ፍሬ ተሠርቶ አልቆ ይንተከተካል። የድንጋይ ሙቀጫው ውስጥ ያለው ግን ቅመም አልነበረም። ውኃ የነካው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዝንጅብል ልጣጭና የጠጅ ሳር ጫፍ ነው።

"እማ፣ ምንድነው የምትወቅጪው?"

"ቀስ በይ። ግድግዳው ጆሮ አለው።"

"ልጣጭ ነው እኮ!"

"ባዶውን ከወቀጥኩት ድንጋይ ለድንጋይ ይጮሃል። አክስትሽ ታውቅብኛለች። ልጣጩን ትንሽ ውኃ ካርከፈከፍሽበት ግን ድምፁ ይመጣል።" እናቷ ይህን ያለችው ሙያ እንደሚያስተምር ሰው ነው።

ስዊ ሊን የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተች። ከጋዜጣ ሥር አራት የተቀደዱ እሽጎች አገኘች። የፋብሪካ ድልህ። ላያቸው ላይ ነጭ ሽሩባ ያላት አሮጊት ፈገግ ብላለች።

"ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

ስዊ ሊን ከስኮትላንድ ከተመለሰች ገና አራት ወሯ ነው። በመጣች በመጀመሪያው እሑድ ይህንኑ ዶሮ ስትቀምስ እንባዋ መጥቶ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ፋብሪካ አይሠራውም" ብላ ነበር። ፋብሪካ ሠርቶታል። ፊቷ ጋለ። የተናደደችው በእናቷ ይሁን በራሷ ምላስ ለጊዜው አልለየላትም።

"እጅሽስ? ሐኪሙ ምን አለ?"

"ጅማት ነው፣ እጅሽን አሳርፊው አለኝ። እጅ እንዴት ነው የሚያርፈው? ከኔ ጋር እኮ ነው የሚውለው።"

"ታዲያ ልጣጩን መውቀጥ አያምሽም?"

"ያመኛል። ሽንኩርቱ ሦስት ሰዓት ያመኛል፤ ልጣጩ ግማሽ ሰዓት።"

"ለምን ጭራሽ አትተዪውም!"

"ቤቱ ዝም ካለ ይጠይቁኛላ።"

ከሚጠይቁት ዋናዋ ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው የስዊ ሊን አባት እህት ሲዩ ኪም ናት። እናቷ ልጃገረድ በነበረችበት ዘመን ለልጃቸው ሚስት የሚፈልጉ ሴቶች ከልጅቷ ጓዳ ጀርባ ቆመው ዘነዘናዋን ያዳምጡ ነበር። ምቷ ካልተደናበረ ሙያ አላት ይባላል። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ቆማ ሰምታ፣ "ይህችን ነው" ያለችው ሲዩ ኪም ነበረች። እስከዛሬ በየድግሱ ታወራዋለች።

"እሽጉን ማነው የሚያመጣልሽ?"

እናቷ ወደ ድስቱ ዞረች። "ተዪው እሱን።"

ምግቡ በመጀመሪያ ለአባትየው ፎቶግራፍ ቀረበ፤ ከዚያ ሰዉ ገበታውን ከበበ። የስዊ ሊን ታናሽ ወንድም ሁአት ከኩዋላ ላምፑር አራት እንግዶች ይዞ መጥቷል። ሚስቱ ሜይ ዩን ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋ በቀጥታ መጥታ ዓይኗ ደም መስሏል። ሲዩ ኪም ከሁሉም በፊት ተቀምጣለች።

"ብሉ፣ ብሉ! ይሄ ከፓኬት የተጨመቀ አይደለም። እናቴ ፓኬት በእጇ ነክታ አታውቅም። እያንዳንዷ ቅመም በዚያ ድንጋይ ነው የተወቀጠችው" አለ ሁአት።

እንግዶቹ በአድናቆት አጉተመተሙ። አንደኛው ጥቁሩን ፍሬ በማንኪያ ጭራ ይፈለፍላል።

"የኔዋን ባለሙያ ብታዩ ደግሞ፣" ብሎ ወደ ሚስቱ በአገጩ ጠቆመ፣ "ከማቀዝቀዣ አውጥታ ማይክሮዌቭ ውስጥ ትከታለች። ቲን! ምሳ ደረሰ። ልጆቼ 'ቲን' የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን ይታጠባሉ።"

እንግዶቹ ሳቁ። ሜይ ዩን አልሳቀችም። ከዶሮው ሥጋውን ከአጥንቱ ለያይታ በአማቷ ሳህን ላይ አኖረችላት፤ አማቷ በቀኝ እጇ መያዝ እንደማትችል እንደሚያውቅ ሰው፣ ሳትጠየቅ። ጌክ ኒዮ በግራ እጇ የምራቷን ክንድ መታ መታ አደረገችና ዓይኗን ሰበረች።

ስዊ ሊን ያኔ ገባት። እሽጉን የምታመጣው ሜይ ዩን ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አምጥታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ ገበታ ተሰድባለች። ስዊ ሊን የያዘችውን ማንኪያ ለቀቀችው።

ሁአት ብርጭቆውን አነሳ። "እንግዲህ ምሥራቹን ልንገራችሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ስምንት ከፋይ እንግዳ እዚሁ ቤት ይስተናገዳል። እስከ ሁለት ወር ድረስ ቦታው ተይዟል። ሰዉ የሚመጣው ለዚህ ለውቅጡ ነው። እማ፣ እስቲ ተነሺና ትንሽ ውቀጪላቸው፤ ቪዲዮ ላንሳሽ።"

ጌክ ኒዮ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

"ቁጭ በይ እማ" አለች ስዊ ሊን።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አለ ሁአት። "እትዬ ስኮትላንድ ልትወቅጪልን ነው? ዘጠኝ ዓመት ቆርቆሮ ስትከፍቺ ኖረሽ?"

"አንተ ና ውቀጥ። የእሷ ልጅ አይደለህ?"

"የወንድ ሥራ ነው እንዴ?"

"መብላቱ የወንድ ሥራ ነው፤ መውቀጡ ምን ሆነ?"

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ስልኳን አውጥታ በሱ ላይ ደገነች። "ና ሁአት! ና እንጂ!" ማፈግፈጊያ አጣ። ስዊ ሊን ልጣጩን ማንም ሳያይ ደፍታ ሙቀጫውን አጠበችና ሽንኩርትና ቀይ ቃሪያ ሞልታ አመጣችለት።

ሁአት እጅጌውን ሰበሰበ። ዱም። ዱ-ዱም። ጧ። ሽንኩርቱ ወደ ወለሉ ይዘላል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቃሪያው ዓይኑ ውስጥ ገባና እየተሳደበ ወደ ቧንቧው ሮጠ።

ሲዩ ኪም ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ነበር። "ይሄ ልጅ ሴት ቢሆን፣ ከጓዳው ጀርባ ሰምቼ በሩጫ ነበር የምመለሰው" አለች። እንግዶቹ አሁንም ሳቁ። አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ወደ ጌክ ኒዮ ዘወር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያንቺም ቢሆን ካቻምና ጀምሮ ተቀይሯል። እርጥብ ልጣጭ ይመስላል።"

ጌክ ኒዮ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"ወጡ ግን ይጣፍጣል። ጨምሪልኝ" አለች ሲዩ ኪም።

በኋላ ስዊ ሊን አክስቷን እስከ በሯ ሸኘቻት። "ሁለት ዓመት ሰምተሽ ዝም አልሽ? እጇ እየተበላሸ?"

"አውቄብሻለሁ ብላት ምን ይቀራታል?" አለች ሲዩ ኪም። "አንቺ ተምረሽ መጥተሻል፤ እስቲ ንገሪኝ።"

ጥያቄው ስዊ ሊንን አናደዳት። ወንድሟን መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን አንኳኩታ አቆመችው።

"የእማ እጅ አልቋል፣ ሁአት። ቅዳሜ የሚባለውን ነገር ተወው።"

"ጠይቄያታለሁ፤ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ። ድሮ ለሠላሳ ሰው ታበስል የነበረች ሴት ስምንት ሰው ምን ያደርጋታል?"

"በተዘጋጀ ድልህ ትሥራላቸዋ።"

"በፓኬት?" ሳቀ፤ ዓይኑ ገና ቀይ ነው። "ለፓኬትማ ማን ይመጣል? ጣዕሙን ወዲያው ነው የሚለዩት።"

አጠገቡ ሜይ ዩን ቀበቶዋን አስራ ፊት ለፊቷን ታያለች። የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ። መኪናው ሄደ።

ስዊ ሊን ወደ ጓዳው ተመለሰች። ሙቀጫው ታጥቦ ተደፍቷል፤ ዘነዘናው አጠገቡ ቆሟል፤ መያዣው ከአርባ አንድ ዓመት ጭብጥ ሰርጉዷል። ዘነዘናውን በፎጣ ጠቀለለችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትዞር እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

"ቦርሳሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተንጠለጠለው?"

"መጽሐፍ ነው።"

"እኔን ነው የምታታልዪው? እኔን?" እናቷ የታሰረውን አንጓዋን በሌላው እጇ ይዛ ቦርሳውን አየች። ከዚያ ከመንገዷ ዞር አለችላት። "እግርሽ ላይ እንዳትጥዪው። ለሁአት ግን የልጣጩን ነገር አትንገሪው።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ፣ ዘነዘናውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስዊ ሊን ለወንድሟ ጻፈች። ስለ እሽጎቹ ጻፈች፤ ስለ ልጣጩ ጻፈች፤ ማን እንደሚያመጣቸውና ማን እንደሚሰደብ ጻፈች። ጽሑፉ ስልኩን ሞላው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። አውቶቡሱ ወንዙን እስኪሻገር አየችው፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ አጠፋችው፤ በምትኩም እንዲህ ብላ ላከችለት፦

"ዘነዘናው እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ እንግዶችህ ከመድረሳቸው ሦስት ሰዓት ቀድመህ ናና ውሰድ፤ የምትወቅጠው አንተ ነህ። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እጅ አልሰጥም።"

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። "እየጻፈ ነው" የሚለው ታየ፤ ጠፋ፤ እንደገና ታየ፤ ጠፋ፤ መልስ ግን አልመጣም። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዘነዘናውን ጠረጴዛዋ ላይ አቁማ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወንድሟን ጠበቀችው።