ከስምንት ሜትር የወጣ አፈር

ግንቡ ሲማታ አይቸኩልም። ግንብ የሚያህል ሰው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት፤ እጁም ከአፉ ይቀድማል። በታላቅ ወንድሙ ማደያ ዘበኛ ሆኖ ሲኖር ስንቱን ሾፌር፣ ስንቱን ሰካራም እንደደቆሰ እሱም አያስታውሰው። ያን ቀን ረፋድ ላይ ግን የመታው ሴት ነበር፤ ያውም ሥራዋን የምትሠራ ሴት።

ማደያው ከተዘጋ ቆይቷል። ከመሬት በታች የነበሩት ታንከሮች ሁሉ ተቆፍረው ወጥተዋል ተብሎ ለመንግሥት ተነግሯል። ውሸት ነው። አንዱ ከጥጉ ግድግዳ ስር እንደተቀበረ ቀርቶ ወንድምየው በድብቅ ቤንዚን ይሸጥበታል። ከአካባቢ ጥበቃ የተላከችው መርማሪ የመጣችው ግቢውን እየሰረሰረች፣ አፈሩና ከሥር ያለው ውሃ ተበክሎ እንደሆነ ልታይ ነው። ወደ ጥጉ ስትጠጋ ወንድምየው በቢሮው መስኮት ብቅ አለና "አስወጣት" አለው።

ግንቡ መሰርሰሪያውን ከእጇ ነጥቆ ወረወረው። አፈር የሞላችባቸውን ብልቃጦች በጫማው እየረገጠ አደቀቃቸው። የመጨረሻውን አልሰጥም ብላ ደረቷ ላይ ብታቅፈው በጥፊ አጮላት። ወደቀች፤ ብልቃጡም ከሥሯ ተሰበረ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጯ ወረደ። ከአፈሩ የወጣው የቤንዚን ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

"ይሄ ሌባ ልጄ ያፈሰሰው ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወንድምየው በየማለዳው ረጅም የእንጨት መለኪያ ወደ ታንከሩ እየሰደደ ቤንዚኑ የት እንደደረሰ ያያል። ባለፈው ክረምት ሳይሸጥ እየጎደለ አስቸገረው። "ከቤትህ ሌባ አለ" አለው ግንቡን። ግንቡ የልጁን ሸሚዝ አነሳና አሸተተ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ወንድምየው ያንኑ መለኪያ አቀበለው። ልጁ "አልሰረቅሁም" እያለ፣ እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ እየለመነችው፣ እስኪዘረር ቀጠቀጠው። የግራ ጆሮው ደም አፈሰሰ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ አይሰማም። አሁን ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል። አባቱን አያናግርም።

መርማሪዋ ደሟን በእጅጌዋ ጠረገች። "አባቴ፣ ይሄ አፈር ከስምንት ሜትር ነው የወጣው። የትኛው ሌባ ነው ስምንት ሜትር ወርዶ የሚያፈስ?"

"ልብሱ ይሸት ነበር።"

"የእርስዎስ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ያው ነው። ይሄ ሰው የልጁን እንጂ የራሱን ሸሚዝ አሽትቶ አያውቅም። ኮሌታውን ወደ አፍንጫው ሳበ። ትናንት የታጠበ ነው። ሸተተው።

"በምን ውሃ ነው የምታጥቡት?"

ለመጠጥ የቧንቧ ውሃ አለ፤ ለልብስ ግን ከማደያው ጀርባ ካለው ከግንቡ ቤት ጓሮ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው። እያነከሰች ወደዚያ ሄደች፤ ግንቡም እንደ ታዘዘ ልጅ ተከተላት። በገመድ የታሰረ፣ ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ቀስ አድርጋ ወደ ጉድጓዱ አወረደችና ሳበችው። ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ያህል ቢጫ ነገር ተንሳፍፏል። ባልዲ ጠልቆ ስለሚቀዳ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

"ታንከሩ ዝጎ ተበስቷል" አለችው። "የሚጎድለው ቤንዚን እዚህ ነው ያለው። ሌባ የለም።"

ግንቡ ቱቦውን ተቀብሎ አሸተተው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው፤ መቺው አባት ሲሆን ግን ተረቱም አይበቃም።

ወንድምየው መለኪያውን እንደያዘ እየተሳደበ መጣ። "እስካሁን አላስወጣሃትም?"

"ጋሼ፣ ታንከሩ መበሳቱን ታውቅ ነበር?"

ወንድምየው ቱቦውን አየና ፊቱን አዞረ። "ያወቅሁት ልጁን ከመታኸው በኋላ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ ብዬ ተውኩት። ታዲያ አስቆፍሬው እስር ቤት ልግባልህ?"

ግንቡ መለኪያውን ነጠቀው። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን ሰበረ፤ ሁለተኛው ጥርሱን አረገፈ። ወንድምየው "የእናትህ ልጅ ነኝ" እያለ በዳዴ ሲሸሽ፣ እንጨቱ ለሁለት እስኪሰበር ጀርባውን ወቀጠው። በስባሪው ጭንቅላቱን ሊለው ሲያነሳ መርማሪዋ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ እሷን በጥፊ ያላት ያው ክንድ ነው። "ይገድሉታል፣ ይበቃል" አለችው። ያኔ ጣለው። ወንድምየው ደም እየተፋ መሬት ላይ ያቃስታል።

ግንቡ መንገዱን ተሻገረ። መኪኖች ጥሩምባ ነፉበት፤ ዞሮም አላያቸው። ልጁ አጎንብሶ ጎማ እየፈታ ነበር። አባትየው አጠገቡ ተንበረከከ፤ እጁ ደም በደም ነው። ዕድሜ ልኩን በእጁ ሲናገር የኖረ ሰው ምላሱ ተሳሰረበት። በስንት ጭንቅ፣ በሹክሹክታ፣ "አልሰረቅህም፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አለ።

ልጁ ቀና ሳይል መፍታቱን ቀጠለ። ግንቡ የተንበረከከው በልጁ ግራ ጆሮ በኩል ነበር።