የሀምዱ ችካል

ሀምዱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ግን በደርግ ጊዜ ማሳው መሃል ችካል ተተክሎ ያየ ገበሬ ምን ያስብ? መሬት ሲከፋፈል ችካል፣ መንደር ሲመሠረትም ችካል! ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ከሐይቁ ዳር እስከ አምባሰል ግርጌ ጫፉ ቀይ ችካል ተክለው፣ የየቦታውን ከፍታ መዝግበው ሲያልፉ፣ ነዳጅ ፍለጋ ነው ቢባልም ማን አምኖ! ሀምዱ ጎህ ሲቀድ የራሱን ነቀለና ሽቅብ ወስዶ ጎረቤቱ አሻግሬ ማሳ ላይ ተከለው።

አሻግሬ ደግሞ መቀናጆው ነው። አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ አጣምደው የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። «ወላሂ፣ ምን ነካኝ?» አለ ሀምዱ፤ ግን አልመለሰውም።

ሰንበት ብሎ ባለሙያው ሙዘይን የመሬት ስበት የሚለካ መሣሪያ ይዞ መጣና በየችካሉ ለካ። ሲያሰላው አሻግሬ ማሳ ላይ ስበቱ ቀንሶ ተገኘ። «ከሥር አለቱ ርቋል፤ ደለል የሞላው ጥልቅ ጎድጓዳ አለ ማለት ነው። ነዳጅ ቢኖር እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚጠራቀመው» አለ ደስ ብሎት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ወዲያው፣ መሬቱ ለቁፋሮ ይፈለጋል፣ አሻግሬ በሰፈራ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል አለ።

አሻግሬ በማግስቱ በሬውን እየነዳ ሀምዱ ደጅ መጣ። «ካንተው ጋር ይሁን። አብረው ለምደዋል፣ ቢለያዩ አያርሱልህም» አለና ገመዱን አስጨበጠው።

ሀምዱ በሬውን እየጎተተ ሙዘይን ድንኳን ድረስ ሄደ። «ጌታዬ፣ ችካሉን ያዛወርኩት እኔ ነኝ! የኔን ማሳ ውሰዱ!»

ሙዘይን ግንባሩን ያዘ። «አይ ጋሽ ሀምዱ! ከፍታው የተመዘገበው ከታች፣ ስበቱ የተለካው ከላይ! ሽቅብ በተወጣ ቁጥር እኮ ስበት ይቀንሳል። ጎድጓዳውን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት!» አለና ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ችካሉን ወደ ቦታው መልሶ ዳግም ለካ። ጎድጓዳ የሚባል ነገር የለም። የማንም መሬት አይነካም።

ሀምዱ በሬውን ይዞ ተመለሰና አሻግሬ እግር ላይ ወደቀ። «አውፍ በሉኝ፣ አያ አሻግሬ!»

አሻግሬ ክንዱን ይዞ አነሳው። «ስትተክለው አይቼሃለሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አንተ ስድስት ልጅ አለህ። እኔ ያው ብቻዬን ነኝ።»

ሀምዱ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አሻግሬ ገመዱን ከእጁ ተቀበለና፣ «በል ና፣ ሳይመሽ ያንተን ማሳ እንረሰው» አለው።