መጀመሪያ ማን ዘፈነው?

ቀጠሮ ስላፈረሰች ልጅ የሚያለቅሰውን ያንን የድሮ ዘፈን በክራር ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት እኔም አሞጽም አናውቅም። በዝግታ ቀድቼዋለሁ፣ በፍጥነት ቀድቼዋለሁ፣ ከኪቦርድ ጋር፣ ከዋሽንት ጋር፣ በዝናብ ድምፅ ታጅቤ፣ «ለጥናትና ለእንቅልፍ» ተብሎም ቀድቼዋለሁ። ልጅቷ እስካሁን አልመጣችም። እኔ በልጁ ቦታ ብሆን ኖሮ ድሮ ትቻት ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

አሞጽ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ስቱዲዮ አለው። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ ነው። ቬንቲሌተሩ ስለሚጮህ ስንቀዳ ይጠፋል። የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተው። ከዚያች ሳጥን የወጡት አልበሞቻችን ሁሉ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ «ምርጥ ክላሲካል» ይልና ቁጥር ይከተላል።

ክላሲካል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ የታወቀ ነው። ዘፋኙን ከዘፈኑ ውስጥ ታወጣዋለህ፤ የቀረው ክላሲካል ነው። ሰው ግጥሙን በልቡ እያለ ይሰማዋል፣ አለዚያም ያወራበታል። ሆቴል ውስጥ አሣ እየተበላ ይወራበታል፣ በሬዲዮ የሐዘን መግለጫ ይነበብበታል፣ በድምፅ ማጉያ መኪና የክትባት ዘመቻ ይታወጅበታል። ስለዚህ «ዳገት» የሚባለውን ዜማ ይዤለት ስሄድ አሞጽ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም ነበር። እኔ ግን ፈረድኩበት።

«የማን ዘፈን ነው?» አለኝ፣ ተጫውቼለት ስጨርስ።

«የማንም አይደለም። የኔ ነው።»

«እሱማ አጨዋወቱ ያንተ ነው፣ ገባኝ። መጀመሪያ ማን ዘፈነው?»

«ማንም አልዘፈነውም አልኩህ እኮ! እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ግጥም የለውም።»

አሞጽ ራሱን አከከ። «ግጥም ከሌለው፣ ዘመዴ፣ ታዲያ ከምኑ ላይ ነው ክላሲካል የተደረገው?»

ደሜ ፈላ። ዘመድኩን ነው ስሜ፤ «ዘመዴ» የሚለኝ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ብቻ ነው።

«ሕዝቡ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይላል» አለ ቀጥሎ። «እኔ ደግሞ የሚታወቀውን ነው የምሸጠው።»

«የቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ ያደግህ ሰው ሰይጣን ትሸጣለህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የምቸኩልበት ጉዳይ ነበረኝ።

እናቴ ሻሺቱ ከላይ ደጋው ላይ፣ ጨንቻ ነው የምትኖረው፣ ከታላቅ እህቴ ከአበቡ ጋር። «ዳገት»ን የሠራሁት ወደ እሷ በመመላለስ ነው። ከታች ከሙቀቱ በወፍራሙ ክር ይጀምራል፤ እየተጠማዘዘ፣ እየቀጠነ ይወጣና ጉሙ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን አልበም ለእናቴ ይዤላት እወጣ ነበር። እንዝርቷን እያሾረች፣ ጥጧን እየፈተለች ትሰማኝና በጋሞኛ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ያንተን መቼ ነው የምታሰማኝ?» ትለኛለች። «ይመጣል» እላለሁ። ባለፈው መስቀል ስወጣ ከኋላዋ ቆሜ ሦስቴ ጠራኋት፤ ዞር አላለችም። ሐኪሙ ጆሮዋ ከዚህ በኋላ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድም ብሎ ነገረን። የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ጆሮዋ ሳይዘጋ የኔን፣ የራሴን እንድትሰማልኝ።

ይህንን ለአሞጽ ነገርኩት። አዘነ፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ተስማማን። ቁጥር ስድስትን ከነልጅቷ እቀዳለታለሁ፣ «ዳገት» ደግሞ መጨረሻ ላይ ይገባል። «ግን መጀመሪያ የታወቁት ይለቁ» አለ።

የታወቁትን ስንቀዳ ክረምቱ አለፈ። መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ አሞጽ ሠርግ ሊቀርጽ ይሄዳል። እሱ ሲመለስ ኪቦርዱን የሚጫወተው ሰው ሀዋሳ ነው። መሃል ላይ አበቡ ትደውላለች፤ «ዛሬ የቤተክርስቲያኑን ደወል አልሰማችም»፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ዶሮው ሞተ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ»። ስልኩን እዘጋና ያቺን ቀጠሮ የማታከብር ልጅ እንደገና እጠብቃታለሁ። «ድገመው፣ ዘመዴ» ይለኛል አሞጽ ከመስታወቱ ማዶ። ድገመው የሚለውን ቃል ጠላሁት። ሰው እንዲህ እየደጋገመ ለሚያውቀው ነገር መቅረጫ ምን ያደርግለታል? ከአፉ በራሱ አይወጣም እንዴ?

የ«ዳገት» ተራ ደረሰ። ላቤን ጠርጌ፣ ክሩን ቃኝቼ ጀመርኩ። ጉሙ ጋ ልደርስ ስል ከታች መንገድ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና መጣች። ሴትየዋ ልጆቻችሁን አስከትቡ ትላለች፤ ከሥሯ ክራር ይሰማል። ጆሮዬን አላመንኩም። እኔ ነኝ። ቁጥር ሦስት፣ ልጅቷ! እንቁላል ካርቶኑንም ስፖንጁንም አልፋ መጥታ «ዳገት» ላይ ወጣችበት። በገዛ ክራሬ ክራሬን አስበላኋት። በመስኮት ብቅ ብዬ «ቀንሰው! ቀንሰው እንጂ!» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ሾፌሩ የወደድኩለት መሰለውና አውራ ጣቱን አሳይቶኝ ጨመረው።

በነጋታው ቀዳነው። እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም፤ ራሴን ማመስገን ነውር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። አሞጽ እንኳ ሲያልቅ ድገመው አላለኝም። ቁጥር ስድስት ዩቲዩብ ላይ ተለቀቀ። በሳምንቱ ሰው የጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ልጅቷ የእንባና የልብ ምልክት ብቻ ነው። ስለ «ዳገት» የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። «የመጨረሻው ላይ ድምፃዊው የት ሄደ?» «ማይኩ ተበላሽቶ ነው?» «ግጥሙን ላኩልን።» በሌሎቹም ላይ ድምፃዊ የለም እኮ፤ በልባቸው ሲሰሙት ኖረው ነው። አንዱ ደግሞ «የማን ዘፈን ነው? ስሙ ጠፋብኝ» ይላል። እስቲ አሁን ይህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ከዚያ አንድ ቀን ስከፍተው «ዳገት» የለም። በቦታው ልጅቷ ተቀምጣለች፣ ያው የቁጥር አራቱ ቅጂ።

«ስምህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ አሞጽ። «ክላሲካሉ ተበላሽቷል እያሉ እኮ ነው፣ ዘመዴ።»

«የተበላሸው ጆሯችሁ ነው!» አልኩት። የ«ዳገት»ን ቅጂ በስልኬ ላይ አስጫንኩና ክራሬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በሩን በኃይል ወረወርኩት። ስፖንጅ ስለለበሰ እሱ እንኳ አልጮኸልኝም።

በዚያው ሚኒባስ ይዤ ጨንቻ ወጣሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ትፈትላለች። ጉልበቷን ስሜ፣ ማዳመጫውን ጆሮዎቿ ላይ አደረግሁላትና «የኔ ነው! የራሴ!» ብዬ ጮኼ ነገርኳት። ገባት። እንዝርቷን አስቀመጠች። «ዳገት»ን ከፈትኩላት።

ዓይኔን እያየች ጠበቀች። ጉሙ ጋ ደርሶ አለቀ። አሁንም ትጠብቃለች።

«ዝናብ ነው?» አለችኝ።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨምሬ ደገምኩላት። ፊቷን አጨማደደች፣ እንዳልከፋ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። 

«እስቲ የድሮውን ሞክርላት» አለች አበቡ።

«የድሮውን አልከፍትም!»

«ለሷ ነው ወይስ ላንተ?»

ጥርሴን ነክሼ ልጅቷን ከፈትኩላት። ገና ከመነሻው የእናቴ ፊት በራ። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ መምታት ጀመሩ፤ በዚያ በማትችለው አማርኛዋ፣ ልጅቷን ወንድ እያደረገቻት፣ ግጥሙን ዘፈነችው። ከክራሬ ቀድማ ትሄዳለች፣ ትዘገያለች፣ ግድ የላትም። «ይሄንን እሰማዋለሁ!» ብላ ጮኸች። አትሰማውም ነበር። ምቱን ብቻ ትይዝና የቀረውን ከሆዷ ታወጣዋለች። የማታውቀውን ግን ከየት ታምጣው?

ተናደድኩ። በአሞጽ ተናደድኩ፣ በዚያ ሾፌር ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በልጅቷ። ጆሮ በነበራት ዓመታት ሁሉ ያቺን ልጅ ሳስጠብቃት ኖርኩ። እንባዬ መጣ፤ አበቡ እንዳታየው ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ ማዳመጫውን አወለቅሁላትና ክራሬን አወጣሁ። አጠገቧ ተቀምጬ የክራሩን ሆድ ደረቷ ላይ አስጠጋሁት፤ መዳፏንም ቆዳው ላይ አደረግሁት። ከወፍራሙ ክር ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፈነች። ጥምዝምዙ ላይ ጣቶቿ ቆዳው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ ክሩ ሲቀጥን ደግሞ ቆሙ። ጉሙ ውስጥ አስገባሁትና ጨረስኩ። ጭብጨባ አልጠበቅሁም፤ ዝናብ ነው እንዳትለኝ ብቻ ፈራሁ።

እጇን ከቆዳው ላይ አላነሳችም።

«ይሄንን አላውቀውም» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ከእሷ ልሰማው የፈለግሁት ይህን ነበር። 

«ምን አፈዘዘህ?» አለች፣ ክራሩን ወደ ደረቷ ይበልጥ እየሳበች። «ድገመው እንጂ።»

ደገምኩት።