ጣውንት ማለት ክልክል ነው

የአዛውንት ወዳጆች ማኅበር ደንብ ለበጎ ፈቃደኞቹ ሲነበብ አፖንዲ ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ደንቡን ንቃ አይደለም፤ ከፊት ከተቀመጠች ሳቋ ያመልጣታል። «በጎ ፈቃደኛ በተረጂ ቤት ምግብ አይቀምስም። በጎ ፈቃደኛ ተረጂን በዝምድና ስም አይጠራም፤ ራሱም አይጠራበትም።» ይህን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ከዚያ አረንጓዴ ሰደርያዋን ለብሳ፣ የኬንያዋን የኪሱሙ ከተማ አቧራ አቋርጣ ኒያሌንዳ ሰፈር ስትደርስ፣ ገና ደጁን ሳትረግጥ ከውስጥ ይቀበሏታል።

«መጣች ሌባዋ! ባሌን የነጠቀችኝ!»

«መጣሁ! አንቺ አሮጊት፣ ዛሬም አልሞትሽም?»

ዳኒ ራኤል ይህን ሲሰሙ ጥርስ የሌለው አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ዳኒ በሉዎ ሕዝብ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ሉዎ አያት የልጅ ልጇን፣ ወይም በልጅ ልጅ ዕድሜ ያለች የምትወዳትን ሴት፣ «ጣውንቴ» ብላ ነው የምትጠራት። ጣውንት ደግሞ ይሰደባል፣ ይዘለፋል፣ በሌብነት ይከሰሳል። በዚያ አገር የሚያሳዝነው የሚሰድበው ያጣ ሰው ነው።

ባል የተባሉት ሽማግሌ ኦጎላ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ፎቶግራፋቸው ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል። አፖንዲ እንደገባች መጀመሪያ ለፎቶው እጅ ትነሳለች። ካልነሳች ኩርፊያ አለ። ቀጥላ የማሽላ አጥሚት ታሞቅና የመጀመሪያውን ማንኪያ ራሷ ትቀምሳለች፤ ጣውንት የሰጠችውን ሳያስቀምስ የሚጠጣ ሞኝ ነው ይላሉ ዳኒ። በመጨረሻ የደም ግፊቱ ኪኒን ይመጣል። ዋናው ነገር እሱ ነበር። ኪኒን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ነርሷ ለምናቸው፣ ፓስተሩ መክሯቸው እምቢ ብለዋል። ከአፖንዲ እጅ ግን ይውጣሉ፣ አፖንዲ አትለምናቸውማ።

«አትዋጪው፣ ተይው። አንቺ ስትሞቺ ኦጎላን ወስጄ ቤቴ እሰቅለዋለሁ።»

«ወይ አንቺ! ወዲህ አምጪው!» ብለው ከእጇ ነጥቀው ይውጡታል።

ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ አዲሷ አስተባባሪ ማዳም ቤሪል ሥራውን ልታይ መጣች። ቤሪል ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል። በሌላ ሰፈር አንድ በጎ ፈቃደኛ የአንዲት ዓይነ ስውር ቤት ቆርቆሮ ነቅሎ ሸጦ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን አቅቷታል። ሉዎ ናት፤ ነገር ግን ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ አያቶቿም ሳትወለድ የሞቱባት ናት።

«ማማ፣ ይህቺ በጎ ፈቃደኛ እንዴት ናት? ሳይፈሩ ይንገሩኝ» አለች፣ እንዲቀዳ ስልኳን ወደ ዳኒ አፍ አስጠግታ።

ዳኒ እንግዳ ሲመጣላቸው ነፍሳቸው ነው። ተመቻችተው ተቀመጡ። «ይህቺ? ይህቺማ ጣውንቴ ናት። ባሌን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ዓይኗ ቤቴ ላይ ነው። ያረረ አጥሚት የምታጠጣኝ ቶሎ እንድሞትላት ነው። ኪኒኑንም አትዋጪ ነው የምትለኝ!»

አፖንዲ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቤሪል አልሳቀችም። ስልኳን ዘጋችና አፖንዲን ወደ ውጭ ጠራቻት።

«ማዳም፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«እኔም ሉዎ መሆኔን ረሳሽው? ጣውንት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም?»

«ቃሉንማ ያውቁታል፣ ማዳም፤ ግን...»

«ኪኒን አትዋጪ ብለሻቸዋል ወይስ አላልሻቸውም?»

አፖንዲ መዋሸት አማራት፤ አልሆነላትም። «ብያቸዋለሁ። ግን እንዲውጡ ነው አትዋጪ የምላቸው!»

«ምግብስ ቀምሰሻል?»

«ቀምሻለሁ።»

እንዲህ ሲባል ማን ያምናል? ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ የተረጂው ቃል እንዳለ ይወሰዳል። ክስ ካለ ኮሚቴው ተቀምጦ እስኪያየው ድረስ በጎ ፈቃደኛዋ ወደዚያ ቤት አትደርስም፣ ከተረጂዋም ጋር አትነጋገርም። ከደረሰች ማኅበሩ ለቤቱ የሚሰጠው ዱቄትና ኪኒን ይቆማል። «ላንቺም ለሳቸውም ጥበቃ ነው» አለች ቤሪል፣ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋ። ኮሚቴው መቼ እንደሚቀመጥ ግን እሷም አታውቅም።

በአፖንዲ ቦታ ሜርሲ ተመደበች። ሜርሲ የሰባኪ ልጅ ናት፤ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ከአፏ «እባክዎ» የማይጠፋ። ከሳምንታት በኋላ ቧንቧው ዘንድ አፖንዲን ስታገኛት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አይውጡልኝም። ዋጥኩ ይሉኛል፤ ፍራሹን ሳነሳ ኪኒኑ ሁሉ እዚያ ሥር ነው።»

«ስደቢያቸዋ!»

«ምን?»

«ሌባ በያቸው። አትዋጪው፣ ባልሽን ልወስደው ነው በያቸው።»

«አፖንዲ! ተረጂ የሰደበ ምን እንደሚደርስበት ባንቺ አይቼ የለ?»

ያም ሆኖ ሜርሲ ልቧ ደግ ነውና ሞከረችው። በማግስቱ በሩን ዘግታ፣ እጇን አጣምራ፣ «ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሌባ ነዎት» አለቻቸው። ዳኒ ራኤል «ምን ወስጄብሽ ነው፣ ልጄ?» ብለው አለቀሱ። ሜርሲም አብራቸው አለቀሰች። ኪኒኑ ሳይዋጥ ቀረ።

አፖንዲ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የምትኖረው፤ ወደ ገበያው ለመሄድ በዳኒ ደጅ ከማለፍ ሌላ መንገድ የለም። ዳኒ ዓይናቸው ቢፈዝም ጆሯቸው አልፈዘዘም፤ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ከመቶ ሰው መሐል ይለዩታል።

«ሌባዋ! የት ጠፋሽ? ግቢ እንጂ፣ ኦጎላ ጠየቀሽ!»

አፖንዲ የተሰፋውን ልብስ እንደታቀፈች ቆመች። መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ስድቡ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከመለሰች ዱቄቱ ይቆማል። ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ማለፍም ሞክራ ነበር፤ ሳሏ አጋለጣት። «ኩራት ነው? ወጣት ነኝ ብለሽ ነው?» አሏት ከውስጥ። ሌላ ቀን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ «አስቀየምኩሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ስታልፍ ምንም አልተሰማም። አፖንዲ እዚያ ዝምታ ፊት የቆመችውን ያህል በሕይወቷ አቅም አጥታ አታውቅም።

ቢሮ ሄዳ ለመነች። የሰፈሩን ሽማግሌ ይዛ ሄደች፤ ሽማግሌው «ልጄ፣ የኛ አሮጊቶች ሲወዱ ነው የሚሳደቡት» ብለው አስረዱ፤ ቤሪልም በአክብሮት ሰምታ «ለኮሚቴው አቀርባለሁ» አለች። ኮሚቴው ግን አልተቀመጠም። አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጎድላል።

ዳኒ ራኤል አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ወደቁ። ክሊኒክ ሲወሰዱ ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ ተገኘ፤ ቀኝ እጃቸው ዝሎ ቀረ። ይህ ሲሰማ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተቀመጠ። ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ ወንበር ይዘው ከበቧቸውና ጠየቋቸው፤ ጣውንቴ ያሏት ለምንድን ነው? ባልዎን በእርግጥ ወስዳለች? ቤቱን ጠይቃዎት ታውቃለች? ዳኒ በዕድሜያቸው ሁሉ ስለ ቀልድ ተጠይቀው አያውቁም ነበር። የተናገሩት ምን እንዳመጣ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። «ምኔም አይደለችም» አሉ፤ «ዘመዴም አይደለችም። ጥሩ ሠራተኛ ናት። ይማሯት።»

አፖንዲ ነጻ ወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዜናውን ቤሪል ራሷ ቤቷ ድረስ አመጣችላት፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አያት ኖሮኝ አያውቅም» አለች፣ ሌላ ምን እንደምትል ጠፍቷት። ደንቡ ላይም አንድ ነገር መጨመሩን ነገረቻት፤ ከእንግዲህ ጣውንትና የመሳሰሉት ቃላት በተረጂ ቤት ክልክል ናቸው። አፖንዲ እሺ አለች። እንድትገባ ብቻ ይፍቀዱላት እንጂ ምን ቢሏት እሺ ትላለች።

ሰደርያዋን ለብሳ እየሮጠች ሄደች። ደጁ ላይ ደንቡን ረሳችው፣ ወይም ልትረሳው ፈለገች።

«አንቺ አሮጊት፣ ዛሬም አልሞትሽም?»

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ደህና አደሩ፣ ወይዘሮ? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉ ዳኒ ራኤል።

አፖንዲ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም። ወደ ግድግዳው ቀና ስትል ፎቶው የለም፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ኦጎላ የት ሄደ?»

«ሜርሲ አውርዳ ከአልጋው ሥር አኖረችልኝ። ሰው በኔ አፍ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።» ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ኪኒኑን ያቀብሉኝ። እውጣለሁ፤ አላስቸግርዎትም።»

ሰጠቻቸው። ሳይለመኑ፣ ሳይሰደቡ፣ እንደ ጥሩ ተረጂ ዋጡት። አፖንዲ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ፎቶውን ጎትታ አወጣችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ልወስደው ነው፣ ሰማሽ? ቤቴ ልሰቅለው ነው! ያንቺ ባል የኔ ባል ነው!»

የዳኒ ራኤል ከንፈር ጥግ ላይ ሳቅ መጣ፤ አፖንዲ በዓይኗ አየችው። ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱና ጆሯቸውን አቀኑ።

«ቀስ ይበሉ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ይሰሙዎታል።»