አርባ ሰባት ጀግኖችና አንዲት ፈሪ

የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አርባ ስምንት ናቸው፤ አርባ ሰባቱ ጀግኖች ናቸው። ይህን ያወቅሁት ድርሰታቸውን ሳርም ነው። በናዚዎች ዘመን ስለ አንድ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ የሚተርክ ልቦለድ እያስተማርኩ፣ «ጎረቤታቸው ብትሆኑና መሸሸጊያ ፈልገው በራችሁን ቢያንኳኩ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጉድ ነው! የክፍል አለቃው ሰባት ሰው ኮርኒስ ውስጥ ደበቀ፣ ሌላው ምድር ቤት ቆፈረላቸው፣ አንዷማ ወታደሮቹን ደብድባ ታንክ ማረከች። ይህ ሁሉ ጀግና ሰፈሩን ከሞላው ስድስት ሚሊዮን ሰው እንዴት አለቀ? ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ።

ክፍሉ «ጭጭ» የሚላት ዝምተኛ ልጅ ብቻ ሦስት መስመር ጻፈች። «በሩን አልከፍትም። ታናናሾቼ ቤት አሉ። እፈራለሁ።» ከአሥር ሦስት ሰጠኋትና ከሥሩ «ያሳፍራል!» ብዬ ጻፍኩባት። አለቃው ዘጠኝ አገኘ።

ሐሙስ ዕለት፣ ወታደሮቹ ልብስ ሰፊውን ሲወስዱት ጎረቤት ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ የሚያይበትን ገጽ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ስልክ በጭፈራ ዘፈን ክፍሉን ቀወጠው። ደሜ ፈላ። ስልኩን ያገኘሁት ከድርሰቱ በኋላ ተዛውራ የመጣች፣ ሁለት ሳምንት ያልሞላት አዲስ፣ አርባ ዘጠነኛ ተማሪ ዴስክ ውስጥ ነው።

«የኔ አይደለም» አለች።

«የማን ነው ታዲያ?» ብዬ ወደ ክፍሉ ዞርኩ። አርባ ስምንቱም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

እኛ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ መገኘት ለአንድ ዓመት ያሳግዳል። ክሱን ጽፌ ለዳይሬክተሩ ላክሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሊፈርምበት ቀጠረ።

በምሳ ሰዓት ጭጭ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ቲቸር፣ ስልኩ የአለቃው ነው። እርስዎ ወደ ኋላ ሲመጡ እሷ ዴስክ ውስጥ ከተተው። ሁላችንም አይተናል።»

ሰባት ሰው ኮርኒስ ውስጥ የደበቀ ልጅ አንድ ስልክ መደበቅ አያቅተውም።

«እዚያው ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራኋ! ጽፌልዎት ነበር እኮ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን ምሳዬ አልዋጥ አለኝ።»

የሰጠኋት ሦስት ትዝ አለኝና በጣም አፈርኩ። ያን ቀን ከክፍሉ ሁሉ እውነቱን የጻፈችው እሷ ብቻ ነበረች።

ዳይሬክተራችን «ተሳስቻለሁ» ብሎ ክሱን የሚያነሳ መምህር አይወድም። ባለፈው ዓመት የስፖርት መምህሩ እንዲህ ቢል፣ በተማሪው ፋንታ ማስጠንቀቂያው እሱ ፋይል ውስጥ ገባ። የኔ ውል ደግሞ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ። «ቆይ፣ ነገ ረጋ ብለን እናየዋለን» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ግን አዲሷ ልጅ የለችም።

ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ትልቅ ሴትዮ!

ጭጭ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ቲቸር፣ አብሬዎት ልሂድ?»

ደህና መምህር ቢሆን «አይ፣ አንቺ ክፍልሽ ግቢ» ይላል። እኔ ግን ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ «ነይ» አልኳት።