የዋሻዋ ልብስ ሰፊ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረችበት እንደሆነ የጨመረው ምላስ እንደ እንጨት ይድረቅ። ቁጥሩም ቢሆን ከተነካ ወደ ታች ነው የተነካው፤ ሰሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ።

ሺ ድምፅ የሚሉት ሰው ነበር። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሠሩ የሬዲዮ ተዋንያን ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ድራማ ላይ በር ሲጢጥ ሲል፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ አጥንት ሲሰበር የሰማ ሁሉ የሰማው እሱን ነው። ፈረሱ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣ አጥንቱ ካሮት ነበር። ለአንዲት የጦርነት ድራማ ብቻ አርባ ኪሎ ካሮት ሰብሯል፤ በዚያ ሳምንት የከተማው ጥንቸል ሁሉ ጦሙን አደረ። ኋላ ጣቢያው ድራማውን ዘጋና ሺ ድምፅ ከነኩባያዎቹ ታላቅ እኅቱ ቤት ገባ።

እኅቱ ልብስ ሰፊ ናት። የፊቱ ክፍል ሱቋ ነው። የኋላዋን ጠባብ ክፍል ለእሱ ለቀቀችለት፤ ሦስት ሣጥን ዕቃ፣ አንድ ማይክና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስገባባት፤ «ስቱዲዮ» ብሎም ጠራት። አንድ ሰኞ ጠዋት እኅቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

«የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዣለሁ። ሁለት የስፌት መኪና እጨምራለሁ። ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አለችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የሥራ ቦታዬ ነው።»

«ሥራህን ማን ሰማው? ዓመት ሙሉ ከሣጥንህ ጋር ስትነጋገር ነው የምሰማህ።»

«ሰሚ ይመጣል።»

«እስከ ዓርብ ይምጣ እንግዲህ። አንድ ሰው ሥራህን ሰምቶ ‹ጠቀመኝ› ይበል፣ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልሆነ ሣጥኖቹ ጣሪያ ሥር ይወጣሉ፣ አንተም ቁጭ ብለህ ቁልፍ ትተክላለህ።»

ሺ ድምፅ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር የወጣ ዕቃ ተመልሶ ወርዶ አያውቅም። ሣጥኖቹ ከወጡ ሃያ ሁለት ዓመቱም አብሯቸው ይወጣል።

ሥራ ከፈታ ወዲህ አንድ የኮምፒውተር ጌም ለምዷል። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ጋሻ ጃግሬ የሞላበት ሰፊ ዓለም ነው። ተጫዋቹ ተራራ ይወጣል፣ ደን ያቋርጣል፣ ዋሻ ይገባል። ለዓይን ጉድ ነው። ለጆሮ ግን ደኑ የቢሮ ወረፋ ይመስል ጭጭ ያለ ነው፤ ዘንዶው ራሱ ሲተነፍስ እንደተነፈሰ ጎማ ነው። ተጫዋቾች ከቤታቸው ሆነው በጌሙ ላይ የሚቀጥሉት ጭማሪ አለ፤ ሞድ ይሉታል። አንዱ ቀለም ይጨምራል፣ ሌላው ልብስ። ሺ ድምፅ፣ «ለዓለሙ ጆሮ አወጣለታለሁ» ብሎ ተነሣ።

በዚያው ሰኞ የእኅቱን ሱቅ ዘረፈው ቢባል ይቀላል። የእንፋሎት ካውያዋን ወስዶ ዘንዶውን አስተነፈሰ። የሙሽራ ሐር በጣውላ ላይ ጎትቶ የተራራ ነፋስ አደረገ። ሩዝ በትሪ ላይ አዝንቦ ዝናብ ሠራ፤ የስፒል ቆርቆሮ አንቀጭቅጮ አንድ ክፍለ ጦር ከነትጥቁ አሰለፈ።

«ካውያዬ የት ገባ?» አለች ከፊት ክፍል።

«ዘንዶ ውስጥ ነው እትዬ፣ አሁን ይወጣል።»

«ሲወጣ ውሃ ሞልተህ መልስ።»

በመጨረሻ ዋሻውን ሠራ። ሳፋ ላይ ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ ድምፁን በማይክ ቀዳና ልክ የዋሻው አፍ ላይ ተከለው፤ ተጫዋቹ ወደ መውጫው ሲቀርብ እየጎላ፣ ሲርቅ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጎ። አመሻሹ ላይ ሞዱን ለዓለም ለቀቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት መቶ ሺህ ሰው አውርዶታል። አስተያየቱ እንደ ጎርፍ መጣ። አንዱ፣ «ዝናቡን ሰምቼ ልብሴን ከገመድ ላይ ላነሣ ሮጬ ወጣሁ፤ ፀሐይ ነው» አለ። ሌላው፣ «ዘንዶው ሲተነፍስ መነጽሬን ጉም ሸፈነው» አለ። አንዷ፣ «ባሌ ነፋሱን ሰምቶ መስኮቱን ሁሉ ዘጋ፤ ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ካፖርቱን አላወለቀም» ብላ ጻፈች። ሌላው ደግሞ በአጭሩ፣ «ይህ ሰው ሰው አይደለም» አለ። የሺ ድምፅ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ ዕለት ግን አንዲት አጭር ጥያቄ መጣች። «ዋሻው ውስጥ የምትሰፋው ማን ናት?»

ሺ ድምፅ ማዳመጫውን አጠለቀ። ውሃ ነው። አሥር ጊዜ ሰማ፤ ውሃ ነው። እኅቱን ጠራት።

«እስቲ ስሚልኝ፣ ከውሃ ሌላ ምን አለ?»

ጨርቋን አስቀምጣ መጣች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ምንም። ውሃ ነው።»

«ሰፊ አለች ይለኛል።»

«ሞኝህን ፈልግ በለው» ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

እሱም መልሶ አጠለቀና ደግሞ ሰማ። ከፊት ክፍል እኅቱ መርገጫውን ረገጠች። ትክ-ትክ-ትክ-ትክ። ማዳመጫውን አወለቀ፤ ትክ-ትክ-ትክ-ትክ። አጠለቀ፤ ከውሃው ጀርባ ያው ነው። ክው አለ። ሲቀዳ በሩን አልዘጋውም ነበር። እኅቱ አሁን በምትሰፋበት በእናታቸው የስፌት መኪና ሥር ድኾ ያደገ፣ በዚያ ድምፅ ተኝቶ የነቃ ሰው ነው። የጉንዳን እርምጃ የሚለይ ጆሮ ያንን መኪና ከዝምታ መለየት አቅቶታል። እኅቱም እንደዚያው።

«እትዬ፣ አንቺ ዋሻ ገብተሻል» አላት።

«ምን አባቴ አደርጋለሁ ዋሻ?»

«ትሰፊያለሽ።»

ወሬው በተጫዋቾች መካከል እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በሰባት አገር ሰው ሥራ ፈትቶ ዋሻዋን ልብስ ሰፊ ፍለጋ ወጣ። የሙት ንግሥት ናት ያሉ አሉ፤ ለዘንዶው ኮት ትሰፋለች ያሉም አሉ። ሺ ድምፅን ግን እፍረት በላው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ባለሙያ በር ክፍት ትቶ ይቀዳል? ሐሙስ ከምሳ በኋላ መኪናዋን ከድምፁ ነቅሎ ሊያጠፋ ተቀመጠ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሳለ ሌላ መልእክት መጣ።

«ስለ ሰፊዋ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ማየት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ይህን ጌም ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ‹ግራ፣ ቀኝ› እያለኝ ነበር የምጫወተው፤ አሁን ሥራ ይዞ ራቅ ብሎ ሄዷል። ዋሻው ውስጥ ብቻዬን ስገባ መውጫ አጥቼ እሞት ነበር። ውሃው ጠብ ብሎ ስለሚቋረጥ አይመራኝም። መኪናዋ ግን አታቋርጥም። ትናንት እሷን ተከትዬ ወጣሁ። እባክህ አትንካት።»

ሺ ድምፅ እጁን ሰበሰበ። የስሕተትን ደግነት ማን ያውቃል? በሩን ከፍቶ የተወው እንዲያው አልነበረም፤ የሊቅ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ይሠራል።

ዓርብ ጠዋት እኅቱ መልእክቱን አንብባ ተንበረከከች። እንባዋ የዩኒፎርሙን ጨርቅ አራሰው። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ አራት መቶ ሰው በር ላይ ቆሞ አጨበጨበ። እሷም የክፍሉን ቁልፍ በሁለት እጇ አንሥታ፣ «ክፍሉ እስከ ዕለተ ሞትህ ያንተ ነው፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች።

ሺ ድምፅ ይህንን ተርኮ ሲጨርስ፣ እጅጌ ልታሳጥር የመጣችው አስተማሪ ስፒል የተሰካበትን ክንዷን ማውረድ ረስታ ቆማ ነበር። «ሦስት መቶ ሺህ ሰው» አለች።

እኅቱ ከአፏ ስፒል አወጣች። ዓይኗን ከእጅጌው አላነሣችም።

«አንድ ሰው ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ሰፊዋ የጠየቀው፣ አትንካት ያለው። ሌሎቹን የጻፋቸው ይሄ ወንድሜ ራሱ ነው። ሲጽፍ አፉ ያነባል፤ ግድግዳው ስስ ነው።»

«እትዬ» አለ ሺ ድምፅ።

«አልተንበረከክኩም፤ ጉልበቴን ያመኛል። ሰፈሩም ሥራ ላይ ነበር። ዓርብ ሣጥኖቹን ላወጣ ስገባ ለዚያ ልጅ መልስ ይጽፍ ነበር። ‹ዋሻውን ከጨረስክ ለደኑም የድምፅ መንገድ እሠራልሃለሁ፣ የቱ ጋ እንደምትጠፋ ንገረኝ› ይላል። ያንን ሲጽፍ ብቻ አፉ አልተንቀሳቀሰም። በሩን መልሼ ዘጋሁና መኪኖቹን ሳሎን አስገባሁ።» ስፒሉን እጅጌው ላይ ሰካች። «ክንድሽን ቀና አድርጊልኝ፣ እኅቴ።»